ማዕረግ ያለው ማዕበል፦ ከጅማ ቡና አቅራቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ጅማ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» በሚል ስለተሰጠን መልስ

ክቡር ሆይ፣

በመስከረም ወር ላቀረብንልዎ ባለ ስድስት ገጽ አቤቱታ የተሰጠን መልስ ደርሶናል። መልሱ ሦስት መስመር ነው። የየመን ሁቲ ታጣቂዎች የንግድ መርከቦችን በመምታታቸው በቀይ ባሕር የተፈጠረው ሁኔታ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ስለሆነ፣ በጭነት መዘግየት ምክንያት ላኪዎች ከሒሳባችን የቆረጡትን ገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ሊመረምረው እንደማይችል ይገልጻል። ማኅተሙ ደማቅ ነው፤ ፊርማውም ይነበባል። መልስ ብለን ልንቀበለው ግን አልቻልንም። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። ደብዳቤው እርስዎ ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ እናውቀዋለን፤ ሌላው አንባቢ ስሙን ትቶ ነገሩን ቢያይልን ይበቃናል።

እኛ በጅማ ከተማ መጋዘንና መቀሸሪያ (የቡና መፈልፈያ) ያለን፣ ከማና፣ ከጎማ፣ ከገራና ከሊሙ ኮሳ ገበሬዎች ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) እየገዛን ለላኪ የምናቀርብ ነጋዴዎች ነን። ይህን የምጽፈው የስብስቡ ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የታሪክ መምህር ነበርሁ፤ ቡናን የተማርሁት ከአማቴ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው አንዳንድ ቦታ ላይ የክፍል ትምህርት ቢመስል የሙያ ልማድ ነውና ይታገሡኝ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው፣ ባለዕዳው በተለምዶ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውንና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። ሁለት ሚዛን አስቀምጧል፤ አለመገመት እና ፈጽሞ መታገድ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1793 የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅን፣ ጎርፍን ጠቅሶ ጦርነትንም ይጨምራል። የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያ ጣታቸውን ያሳረፉት በዚህች የመጨረሻ ቃል ላይ ይመስለናል። ነገር ግን ዝርዝሩ እንደ ነገሩ ሁኔታ የሚታይ እንጂ ጦርነት ሲባል ሁሉ በር የሚዘጋ አይደለም። ቡናችን ደግሞ አልታገደም። በደቡብ አፍሪካ በኩል ዞሮ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ዘግይቶ፣ በተወደደ ኪራይና መድን አውሮፓ ገብቷል። የዘገየ ዕቃ እና ያልደረሰ ዕቃ በየትኛው ሕግ አንድ እንደሆኑ ቢነገረን ደስ ባለን።

ክርክራችን ይበልጥ የሚጠነክረው በመጀመሪያው ሚዛን ላይ ነው። ሊገመት የማይችል ነበርን?

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ የመጀመሪያውን ኪሳራ እንደ ዕጣ ተቀብለነዋል። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ጋላክሲ ሊደር የተባለችው መርከብ በሄሊኮፕተር በወረዱ የሁቲ ታጣቂዎች ስትያዝ እኛ ጅማ ሆነን ጀንፈል እየመዘንን ነበር። በዚያው ጥር ከአባሎቻችን የአንዱ ቡና፣ አንድ ሙሉ ኮንቴይነር፣ 320 ጆንያ፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ አጥቶ ሳምንታት ቆመ። የወደብ ሙቀት ለቡና ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ መንገር አያሻም። ገዢው ዋጋ ቀነሰ፤ ላኪው ቅናሹን በሒሳብ ወረቀቱ ላይ «የባሕር ተቀናሽ» ብሎ ጽፎ ወደ እኛ አወረደው። እኛም ወደ ማን እናውርደው? ገበሬው ገንዘቡን ከወሰደ ሁለት ወር አልፎታል። አባላችን መጋዘኑን አስይዞ ተበደረ። ያን ጊዜ ማንንም አልከሰስንም።

እንዲያም ሆኖ ለሚከታተል ሰው ምልክቱ ቀድሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በዚያው ባሕር በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ሚሳኤል ተተኩሷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 የሳዑዲ ነዳጅ ጫኞች ከተመቱ በኋላ ሪያድ የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር በሆነው በባብ ኤል መንደብ በኩል ነዳጅ መላኳን ለጊዜው አቁማ ነበር። የጅቡቲ ወደብ ከዚያ ጠባብ በር በስተ ደቡብ ስለሚገኝ፣ ወደ ጅዳም ይሁን ወደ ሐምቡርግ በቀጥታ የሚሄድ የኢትዮጵያ ቡና ሁሉ በበሩ ማለፍ አለበት። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሳዑዲ ነዳጇን ያቆመችበት በር ለእኛ ጆንያ ይከፈታል ብሎ ማመን የማን የቤት ሥራ ጉድለት ነው?

ሁለተኛው ቅሬታችን የአዳራሹ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ በከተማችን የግማሽ ቀን ገለጻ አዘጋጅቶ ነበር። ቡናው ጥሩ ነበር፤ ይህን አንክድም። የመጡት ባለሙያ አንድ ካርታ አሳዩ፤ በካርታው ላይ ቀይ ክብ ነበር፤ ክቡን በዘንግ እየነኩ «ችግሩ በቅርቡ ይፈታል» አሉ። ከመካከላችን አንድ ሐጂ ተነሡ። ሳዑዲ ብዙ ተመላልሰዋል፤ ዐረብኛ ያውቃሉ። «ልጄ፣ የዚህ ቦታ ስም የልቅሶ በር ማለት ነው። የሚያስለቅሱን ሰዎች እነማን ናቸው? ማን ያዛቸዋል? ከማን ይቀበላሉ?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ «ሐጂ፣ ፖለቲካ ውስጥ አንግባ» የሚል ነበር። ሐጂም ተቀመጡ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ጥያቄ የንግድ ጥያቄ ነበር። ዕቃ የምናሳልፍበትን በር ማን እንደሚጠብቀው መጠየቅ በአባ ጅፋር ዘመንም በኬላ በኩል የሚያልፍ ነጋዴ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። መልስ ባለመሰጠቱ እኔ በቀጣዩ ሐሙስ ገበያው ሲበተን አባሎቻችንን ሰብስቤ፣ እንደ ድሮው ጠመኔ ባይኖረኝም፣ የማውቀውን ነገርኋቸው። ለእርስዎም እዚህ ባጭሩ ባሰፍረው አቤቱታችንን ያስረዳልኛል።

ኢራን እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ከመደበኛው ጦር ጎን የአብዮት ዘብ የሚባል ሌላ ጦር አቋቋመች። በዚህ ዘብ ውስጥ ከድንበር ውጭ ብቻ የሚሠራ ክፍል አለ፤ ቁድስ ኃይል ይባላል። ሥራው በሌላ አገር ያሉ የታጠቁ ቡድኖችን ማደራጀት፣ ማሠልጠን፣ ገንዘብና መሣሪያ ማድረስ ነው። የሊባኖሱ ሒዝቦላህ የተፀነሰው እ.ኤ.አ. በ1982 እስራኤል ሊባኖስን ስትወር የዘቡ አባላት ቤካ ሸለቆ ገብተው ባሠለጠኗቸው ሰዎች ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ክፍል ከ20 ዓመት በላይ የመራው ቃሲም ሱለይማኒ ነበር። የገጠር ልጅ ነው፤ የአባቱን ዕዳ ለመክፈል በልጅነቱ ወደ ኬርማን ወርዶ የግንባታ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ከኢራቅ ጋር በተደረገው የስምንት ዓመት ጦርነት ክፍለ ጦር መርቷል። በኋላ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለአገሪቱ የበላይ መሪ ስለነበረ፣ ወደ ባግዳድ፣ ደማስቆ ወይም ቤይሩት ሲሄድ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይልቅ የሚሰማው እርሱ ነበር።

የዘቡ ጄኔራሎች ሥራቸው ምን እንደሆነ በደመወዝ መዝገብ አይታወቅም። የሚታወቀው ሲሞቱ፣ የሞቱበት ቦታ ሲነገር ነው። ሁሴን ሐመዳኒ እ.ኤ.አ. በ2015 ሶርያ ውስጥ፣ ሐለብ (አሌፖ) አጠገብ ሞተ። ሱለይማኒ ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ገና አራት ቀን ሲቀረው፣ ባግዳድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በአሜሪካ ድሮን ተገደለ፤ አብሮት የሞተው አቡ መህዲ አል ሙሃንዲስ የኢራቅ ሚሊሻዎች ጥምረት ምክትል መሪ ነበር። መሐመድ ሬዛ ዛሄዲ በሚያዝያ 2024 ደማስቆ ውስጥ ሞተ። አባስ ኒልፎሩሻን በዚያው ዓመት መስከረም ቤይሩት ውስጥ፣ ከሒዝቦላህ መሪ ከሐሰን ናስራላህ ጋር በአንድ ቦታ ሞተ። አራቱም ከአገራቸው ውጭ፣ ከደገፏቸው ሰዎች መካከል ነው ሞት ያገኛቸው። በሱለይማኒ ሌሊት አሜሪካኖች የመን ውስጥም አብዱልሬዛ ሻህላይ የተባለ የዚያው ክፍል አዛዥ ለመግደል ሞክረው እንዳልተሳካላቸው ከቀናት በኋላ ተዘግቧል። በአንድ ሌሊት ሁለት ሰው ተፈልጎ፣ አንዱ የተፈለገው እኛ ቡና ከምናሳልፍበት በር ማዶ ነበር። ይህ ዜና በዓለም ሬዲዮ ሁሉ ተነግሯል፤ የምሥጢር ሰነድ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መድቦ ሬዲዮ ቢያስደምጥ ይበቃው ነበር።

አባሎቻችን «ታዲያ ሁቲ የኢራን ቅጥረኛ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ ቢያንስ እንደ ቅጥረኛ አይደለም፤ ይህን በደንብ ካልያዝን የባሕሩን ጠባይ እንስተዋለን። ያስረዳኋቸው በገዛ ንግዳችን ነው። አንድ ላኪ መስከረም ላይ ለአቅራቢ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል። መጋዘኑ የአቅራቢው ነው። መቀሸሪያው፣ ጉልበት ሠራተኛው፣ ከገበሬው ጋር ያለው የዓመታት መተማመን፣ የሠፈሩ ጠብና ዝምድና፣ ሁሉም የራሱ ነው። ላኪው አላቋቋመውም። ታኅሣሥ ላይ ግን ቡናው ለማን እንደሚጫን ማንም አይጠይቅም፤ ቅድሚያውን የሰጠው ይታወቃል። ጎበዝ ላኪ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይልክም። ለቅሶ ይደርሳል፣ ልጅ ሲዳር ይመጣል፣ ሁለት አቅራቢዎች ሲጣሉ መሐል ገብቶ ያስታርቃል። ሱለይማኒ ለ20 ዓመት የሠራው ይኸንን ነው፤ ልዩነቱ በጆንያው ምትክ ሮኬት መሆኑ ነው።

ሁቲዎች ከሰሜን የመን፣ ከሰዓዳ ተራሮች የበቀሉ ናቸው። መሪያቸው ሁሴን አል ሁቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተገደለ በኋላ እስከ 2010 ድረስ ከሰንዓ መንግሥት ጋር ስድስት ዙር ተዋግተዋል፤ በመስከረም 2014 ሰንዓን ያዙ። ይህን ሁሉ ቂምና ጥንካሬ ኢራን አልሰጠቻቸውም። የመርከብ መምቻ ሚሳኤልና የድሮን ዕቃ ግን ከተራራ አይለቀምም። ኢራን መሣሪያ አላቀብልም ትላለች፤ የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በተተኮሱ ሚሳኤሎች ቅሪት ላይ የኢራን ሥሪት መገኘቱን ጽፏል። በጥር 2024 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከሶማሊያ ባሕር ዳርቻ ባሻገር አንዲት ጀልባ ይዞ ኢራን ሠራሽ የሚሳኤል ክፍሎች አግኝቻለሁ ብሏል። ቅድሚያው መኖሩን ይህ ያሳያል። መጋዘኑ የማን እንደሆነ ደግሞ ሰዓዳ ያሳያል።

ይህ ልዩነት ለእኛ ምን ይጠቅማል? ሦስተኛውና ዋናው ቅሬታችን የተነሣው እዚህ ላይ ነው።

ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. እስራኤል ኢራንን መትታ የአብዮት ዘቡን አዛዥ ሁሴን ሳላሚን፣ የጦር ኃይሎቹን ኤታማዦር ሹም መሐመድ ባገሪን፣ የሚሳኤሉን ክፍል መሪ አሚር አሊ ሐጂዛዴህን በአንድ ሌሊት ገደለች። ጦርነቱ 12 ቀን ቆየ። በዚያ ሰሞን ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ተላከልን። ፍሬ ነገሩ የሁቲዎች ደጋፊ ስለተመታ መሥመሩ እንደሚከፈት፣ ስለዚህም የማስረከቢያ ቀን በቀድሞው የጉዞ ጊዜ ተሰልቶ እንዲፈረም የሚመክር ነበር። ማስታወቂያው አሁንም በእጃችን አለ። ከአባሎቻችን ሰባቱ በዚያ ምክር ፈረሙ።

ሰኔ 29 ማጂክ ሲስ የተባለው መርከብ ተመታ፤ ሰጠመም። በማግሥቱ ኢተርኒቲ ሲ ተመታ፤ ሐምሌ 2 ሰጠመ። ይህኛው በርበራ ላይ የእርዳታ ጭነት አራግፎ ወደ ጅዳ የሚጓዝ ነበር፤ ከመርከበኞቹ የሞቱ አሉ። ጄኔራሎቹ ከተቀበሩ ወር ሳይሞላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት መርከብ። ሰባቱ አባሎቻችን የፈረሙበት ቀን አለፈ፤ «የባሕር ተቀናሽ» እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ የውል ማፍረሻ ቅጣትም ተጨመረበት። አንዱ መቀሸሪያውን ሸጧል። ሌላው ልጁን ከግል ኮሌጅ አስወጥቷል። ቤተሰብ ያለው ሰው የቀረውን ራሱ ይገምተው።

ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ክፉ አላሰበም። አንድ ነገር ግን ሳተ፦ ላኪው ሲሞት አቅራቢው መጋዘኑን አይዘጋም። ቅድሚያው በእጁ ነው፣ መቀሸሪያው ይሠራል፣ እንዲያውም ጎትጓች ስለሌለበት ለማን እንደሚሸጥ ራሱ ይወስናል። ሱለይማኒ ሲሞት ይህ አንድ ጊዜ ታይቷል። ምክትሉ እስማኢል ቃኒ በዚያው ቀን ተተካ፤ ዓይኑ ቀድሞ ይበልጥ ወደ አፍጋኒስታን የነበረ ሰው ነው፤ የሱለይማኒን ያህል በየቤቱ ሊገባ አልቻለም ተባለ። ሆኖም ሁቲዎች በባሕር ላይ የከበዱት ሱለይማኒ ከሞተ በኋላ ነው። የሶርያው የበሻር አል አሳድ መንግሥት በታኅሣሥ 2024 ሲወድቅ ለሒዝቦላህ መሣሪያ የሚያልፍበት የየብስ መንገድ ተቆርጧል፤ የሁቲ ሚሳኤል ግን በዚያ መንገድ አይመጣምና እኛ በር ላይ ምንም አልተለወጠም። መንገዱን ለይቶ ማወቅ ማለት ይኸ ነው።

ሩቅ ከመሰለ ቅርቡን ላንሣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎሬ ተመድቤ ሳስተምር በሌሊት ወደ ጋምቤላ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎችን ተማሪዎቼ እየቆጠሩ ጠዋት ይነግሩኝ ነበር። ምን እንደጫኑ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አይናገርም። የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር እ.ኤ.አ. በ1983 ሲመሠረት መሪው ጆን ጋራንግ የሱዳን ጦር ኮሎኔል ነበር፤ የሚያስታጥቁትና የሚያሠለጥኑት የእኛ መኮንኖች ነበሩ። ካርቱም በበኩሏ የእኛን ተቃዋሚዎች ታስጠልል ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ጋምቤላ ካለው የኢታንግ መጠለያ የስደተኛው ሕዝብ ሸሽቶ ወደ ሱዳን ተመለሰ፤ በወራት ውስጥም የጋራንግ ጦር ለሁለት ተከፈለ፤ እርስ በርሱም ተፋጀ። ደጋፊው ሲወድቅ ሰላም ይወርዳል የሚል ሰው በምዕራብ ኢትዮጵያ ያደገ ሊሆን አይችልም። 

ወደ አቤቱታችን ልመለስ።

ሁቲዎች የሚያደርጉትን አስቀድመው ይናገራሉ። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሰንዓ ውስጥ ለመርከብ ኩባንያዎች የትኛው መርከብ እንደተከለከለ የሚጽፍ ቢሮ ከፍተዋል። ኩባንያዎቹም ያነቡታል፤ የጦርነት ሥጋት መድን የሚሸጡትም ያነቡታል፤ ጥቃቱ በበረታበት ጊዜ የአንድ ጉዞ መድን የመርከቡን ዋጋ 1 በመቶ ያህል ደርሶ ነበር። ግብፅ ታነበዋለች፤ በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባላት የሱዌዝ ቦይ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወርዶባታል። ዓለም ሁሉ የሚያነበውን ማስታወቂያ ሳያነቡ «ሊገመት አይችልም ነበር» ማለት ለሕጉም አይመችም። ሩቢማር የተባለው መርከብ በመጋቢት 2024 ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ይዞ ሲሰጥም ዜናውን የሰማሁት ከገራ ከመጣ ገበሬ ነው። እርሱ ያሰበው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ነበር፤ ሬዲዮኑም ከመሥሪያ ቤታችሁ ሬዲዮ የተለየ አልነበረም።

በጥቅምት ወር የሁቲዎች ኤታማዦር ሹም መሐመድ አል ጋማሪ መሞቱ ተነግሯል፤ በጋዛ ተኩስ ከቆመ ወዲህም ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ መርከብ አልተመታም። ሰሞኑን ከሹፌሮችና ከደላሎች «መንገዱ ተከፈተ» የሚል ወሬ እንሰማለን። ዘንድሮም ያንን ዓይነት አንድ ገጽ እንዳይላክልን አጥብቀን እንፈራለን። ለዚህ ነው ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግነው። ለቀማው ተጀምሯል፤ ጀንፈሉ በማድረቂያ አልጋ ላይ ነው፤ ውል የሚፈረመው በሚቀጥሉት ሳምንታት ነው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

በሦስት መስመር የተሰጠን መልስ ተነሥቶ የእያንዳንዱ አባል ጉዳይ በውሉ ቀን ተለይቶ ይታይልን። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. በፊት ለተፈረመው ከአቅም በላይ ቢባል አንከራከርም። ከዚያ ወዲህ ለተፈረመው ግን ላኪውም፣ እኛም፣ እናንተም እያወቅን ነው የገባንበት፤ ኪሳራው ለሦስት ይከፈል እንጂ በአንድ ጫንቃ አይጫን።

በሰኔ 2017 ማስታወቂያ ተመርተው የፈረሙት ሰባት አባሎች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ምክሩን የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነውና ቢያንስ የውል ማፍረሻ ቅጣቱ እንዲነሣላቸው በላኪዎቹ ዘንድ ይከራከርላቸው።

«የባሕር ተቀናሽ» የሚለው መስመር ማስረጃ ሳይያያዝበት በሒሳብ ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ ይታዘዝልን። መርከቡ በየት እንደዞረ፣ ኪራይና መድኑ ስንት እንደጨመረ የሚያሳይ ሰነድ ላኪው አለው። በደቡብ አፍሪካ ላልዞረ፣ ጅዳ ለወረደ ጭነት የዞረውን ያህል የተቆረጠብን አለን።

በየወሩ ስለ መሥመሩ ሁኔታ አንድ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይውጣልን። ትንቢት አንፈልግም። ማን ምን እንዳወጀ፣ የትኛው የመርከብ ድርጅት እንደተመለሰ፣ የትኛው እንዳልተመለሰ፣ መድኑ ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። ጄኔራል ሞተ የሚል ዜና ካለም ይግባ፤ «ስለዚህ መንገዱ ይከፈታል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ይቅር።

በመጨረሻም ለሐጂ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ይሰጥልን። ዕድሜያቸው 80 አልፏል፤ አዳራሽ ውስጥ ዳግመኛ ለመነሣት ፈቃደኛ አይደሉም።

መልሱን ከታኅሣሥ 10 በፊት እንጠብቃለን፤ ከዚያ በኋላ ጆንያው ስለሚሰፋ ለማንም አይጠቅምም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሂርማታ ገበያ እንሰበሰባለን። ባለሙያ ቢልኩልን ካርታውን ይዘው ይምጡ፤ ወንበር እናዘጋጃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በጅማ ከተማ የሚገኙ የቡና አቅራቢዎች ስብስብ ጸሐፊ
(ጡረተኛ የታሪክ መምህር)